በምዕራብ ጎጃም ተሠውረው የሚኖሩትን አራዊት በፎቶግራፍ ስለ ማወቅ

ገዥ የሚያስተዳድረውን አገር ወንዙንና ተራራውን፥ ሕዝቡንና ከብቱን ማወቅ እንደሚገባው ሁሉ፥ በአገሩ ገደልና ጫካ ውስጥ የሚኖረውንም አውሬ ማወቅ ይገባዋል። ከብትና እኽል በቍጥር ይታወቃሉ፤ አውሬ ግን ሌሊት ወጥቶ ሌሊት ስለሚገባ፥ ስለ እርሱ የሚነገረው አብዛኛው ወሬ ነው። በወሬ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ደግሞ ገበሬውንም አውሬውንም ይጐዳል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፥ ከቡሬም እስከ ዐባይ ቆላ ባለው አገር ለሚገኙ ሹማምንትና ባለመሬቶች፥ ተሠውረው የሚኖሩትን አራዊት ሳይገድሉ የሚያውቁበትን መንገድ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የዚህ አገር አቀማመጥ ለአውሬ የተመቸ ነው። በምሥራቅ በኩል የደጋ ዳሞት ከፍታ አለ፤ በመካከል ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የቆሙበት፥ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ወይና ደጋ አለ፤ ወደ ደቡብ ደግሞ አገሩ እየወረደ ሄዶ፥ እንደ ብርና እንደ ፈጣም ያሉት ወንዞች ወደሚገቡበት ወደ ዐባይ በረሓ ይደርሳል። በየወንዙ ዳር ያለው ጥሻ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተጠብቆ የኖረው ደን፥ የዐባይም ገደል ለነብር፥ ለጅብ፥ ለድኩላ፥ ለሚዳቋ፥ ለጃርት፥ ለጉሬዛና ለዝንጀሮ መኖሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል ዝንጀሮና ጉሬዛ በቀን ይታያሉ። ነብር ግን እንዲህ አይደለም፤ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ በአጠገቡ ኖሮ፥ ዱካውን እንጂ መልኩን ሳያይ ሊሞት ይችላል።

ቀድሞ የአንድ አውሬ መኖር ለሩቅ ሰው የሚታወቀው በቆዳውና በቀንዱ ነበር። በአርሲና በባሌ ከፍታ የሚኖረውን የደጋ አጋዘን የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ያወቁት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገድሎ ስለ ወሰደው ነው፤ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ስም አወጣለት። በጎጃምም ከ1925 እስከ 1934 በፈረንጆች አቈጣጠር በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን፥ ጣናንና ዐባይን እየተከተለ ካርታ አነሣ፤ ለጥናት የሚሆን የወፎች ቆዳም ሰበሰበ፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ፎቶግራፍ አወጣ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ወንዙና ተራራው በፎቶግራፍ፥ ወፉና አውሬው ግን በጠመንጃ ይታወቁ ነበር ማለት ነው።

ይህ መንገድ ሁለት ጕዳት አለው። መጀመሪያ፥ አውሬውን ለማወቅ አውሬውን መግደል ነው፤ ጥቂት የቀረ ዘር ይህን አይችልም። ሁለተኛ፥ ቆዳ አንድ እንስሳ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ ስንት እንደ ቀሩ አይናገርም። ሳይቈጠር የቀረ አውሬ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የጮቄን ተራራ መመልከት ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀሩት ጐልማሶች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። በጎጃምም በጮቄ ላይ ይኖር ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ፈጽሞ ጠፋ፤ ጥናት ያደረጉ ሰዎችም መጥፋቱን ጽፈዋል። ዛሬ ለጮቄ ቀይ ቀበሮ የሚያስብ ሹም ቢነሣ፥ የሚጠብቀው ቀበሮ አያገኝም። የቆላው ነብር እንዲህ እንዳይሆን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አውሬን በሌሊት በፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጆርጅ ሺራስ የተባለ አሜሪካዊ በአውሬ መተላለፊያ ላይ ክር ዘርግቶ፥ አውሬው ክሩን ሲነካው ብርሃኑ ቦግ እንዲልና ፎቶግራፉ እንዲነሣ አደረገ፤ ሥራውም በፈረንጆች 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ታተመ። በዚያው ዘመን ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ የተባለ ጀርመናዊ በምሥራቅ አፍሪካ የሌሊት አራዊትን በማግኔዢየም ዱቄት ብርሃን አነሣ። ዱቄቱ ግን እንደ ባሩድ የሚነድ፥ ለአንሺውም የሚያሠጋ ነበር፤ መሣሪያውም ከባድ ነበር።

የዛሬው መሣሪያ ከዚህ የቀለለ ነው። ከዛፍ ግንድ ጋራ በጠፍር የሚታሰር፥ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ሥውር ካሜራ እንለዋለን። በፊቱ ሙቀት የሚለይ ዐይን አለው። ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር በፊቱ ሲንቀሳቀስ፥ ይህ ዐይን ያውቅና ካሜራውን ያስነሣል። በሌሊትም ኢንፍራሬድ የሚባለውን፥ የሰው ዐይን የማያየውን ብርሃን ያበራል። ፎቶግራፉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ባትሪው ለብዙ ሳምንታት ስለሚበቃ፥ ሰው በአጠገቡ ሆኖ መጠበቅ አያስፈልገውም።

የዚህን መሣሪያ ጥቅም ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከጣና በስተ ምዕራብ፥ በቋራ በሱዳን ወሰን ላይ ባለው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ አለ እየተባለ ይወራ ነበር፤ የተጨበጠ ማስረጃ ግን አልነበረም። በ2008 ዓ. ም. ሐንስ ባወር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጥቂት ሥውር ካሜራዎች በዚያ አስቀመጡ። ካሜራዎቹ አንበሳውን አነሡ፤ ዱካውም ተገኘ። አንድ ጥይት ሳይተኰስ ወሬው እውነት መሆኑ ታወቀ፤ ነገሩም በዓለም ሁሉ ተሰማ። የቋራ ሰው ሲናገረው የኖረው ቃል በፎቶግራፉ ተመሰከረለት።

አቀማመጡን በሚመለከት የሚከተለውን ማስተዋል ይገባል። አውሬ እንደ ሰው መንገድ አለው፤ ወደ ውሃ የሚወርድበት፥ ከገደል ወደ ደን የሚሻገርበት ጠባብ መተላለፊያ ይኖረዋል። ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እረኞችና የማር ቈራጮች ናቸውና፥ መጀመሪያ እነርሱን መጠየቅ ነው። ካሜራው ከመተላለፊያው ሦስት ወይም አራት ሜትር ርቆ፥ በሰው ጕልበት ቁመት ልክ ይታሰር። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አይዙር፤ የፀሐይ ጮራ ያሳስተዋልና። በፊቱ ያለው ሣርና ቅርንጫፍ ይመንጠር፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ካሜራው አውሬ መስሎት ባዶ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ያድራል። በክረምት ጉምና እርጥበት ሌንሱን ስለሚያደበዝዝ፥ ውሃም በየስፍራው ስለሚገኝ አውሬው ይበተናል። በበጋ ግን ውሃ በጥቂት ስፍራ ብቻ ስለሚቀር፥ ከኅዳር ጀምሮ ያለው ወራት የተሻለ ነው።

ነብርን ከነብር መለየትም ይቻላል። የሰው የጣት አሻራ ከሌላው ሰው እንደሚለይ፥ የአንዱ ነብር ዝንጕርጕርነትም ከሌላው ይለያል። የቀኝና የግራ ጐኑ ግን አንድ ስላልሆነ፥ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ማሰር ይገባል። ቍጥሩም በዚህ ይገኛል፤ ለምሳሌ በመጀመሪያው ወር 6 ነብሮች ተነሡ እንበል። በሁለተኛው ወር ደግሞ 6 ተነሡ፤ ከእነዚህ 3ቱ ቀድሞ የታወቁ ናቸው። ከኋለኞቹ እኩሌታው ቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የፊተኞቹ 6 ነብሮች የጠቅላላው እኩሌታ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በአገሩ 12 ያህል ነብር አለ ማለት ነው። ገሰላ የሚባለው ጥቁር ነብርም ሌላ ዘር አይደለም፤ በትውልድ ጠጕሩ የጠቈረ ነብር ነው። ጥቍረቱ ዝንጕርጕርነቱን ከዐይን ቢሰውረውም፥ በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲነሣ ይገለጣል። በ2019 በፈረንጆች አቈጣጠር ዊል በራርድ ሉካስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በኬንያ በላይኪፒያ ያነሣው ገሰላ በብዙ አገር ጋዜጦች ወጥቶ ነበር።

ነገር ግን ለሹም ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም በፍርድ ጊዜ የሚገኘው ነው። የአንድ ገበሬ ጥጃ ሌሊት ተበልቶ አደረ እንበል። ገበሬው ነብር ነው ይላል፤ ጎረቤቱ ጅብ ነው ይላል። ያዘነው ሰው በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። መርዝ ግን አይመርጥም፤ በዳዩን ሳያገኝ ጥንብ አንሣውን፥ የመንደሩንም ውሻ ይፈጃል። ጥንብ አንሣ ካለቀ በድን በየሜዳው ይከረፋል። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብ መርዙን ከልክሎ፥ ካሜራ በበድኑ አጠገብና በበረቱ አጥር ላይ ማሰር ይገባል። በዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነብር የገደለውን ጅብ መጥቶ ሊበላው ይችላልና፥ በበድኑ ላይ የተነሣው ሁሉ ገዳይ ነው ተብሎ አይፈረድም። የጕሮሮው ንክሻ፥ ዱካውና ፎቶግራፉ አንድ ላይ ይመዘኑ። በበቆሎ ማሳም እንዲሁ ነው፤ የሚያጠፋው ጃርት ወይስ ከርከሮ መሆኑ ሲታወቅ፥ ገበሬው አጥሩን በዚያው ልክ ያጥራል፥ የጥበቃውንም ሰዓት ይለያል።

ስለዚህ በየወረዳው ይህ ሥራ ሲሠራ የሚከተለው ይጠበቅ፤

1ኛ፤ ካሜራ ከመታሰሩ በፊት ከሚመለከተው የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቅ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ የደብሩ አለቃና ካህናቱ፥ የገበሬ ይዞታ ከሆነ ባለመሬቱ ይፍቀዱ። ሣጥኑ ምን እንደ ሆነ ለመንደሩ ሰው በግልጥ ይነገር፤ ያልተነገረው ሰው መሰለያ መስሎት ይሰብረዋል፤ ቢሰብረውም አይፈረድበትም።

2ኛ፤ ካሜራው እንጨት የለቀመችን ሴት ወይም ከብት የነዳን ልጅ ቢያነሣ፥ ፎቶግራፉ ይጥፋ። ሰው የሚከሰስበት መሣሪያ ከሆነ ሕዝቡ ይጠላዋል፤ ያለ ሕዝቡም እርዳታ ሥራው አይፈጸምም።

3ኛ፤ አውሬው እንዲመጣ ሥጋ አይጣልለት፤ ከጐሬው አይባረር፤ ግልገል ያለበት ጐሬ አይቀረብ። ሥጋ የለመደ ነብር ወደ በረት ይጠጋል።

4ኛ፤ የተነሣው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የአውሬው ዓይነት፥ ብዛቱም። የነብር ፎቶግራፍ ለሰው ሲታይ ግን የተነሣበት ስፍራ አይነገር፤ ቆዳ ፈላጊ እርሱን ሰምቶ ይሄዳልና።

5ኛ፤ አንድም አውሬ ባይነሣ፥ ይኸው እንዳለ ይጻፍ። የዛሬው ባዶ መዝገብ ለነገ ሹም ማስጠንቀቂያ ነው።

አባቶቻችን ነብርን በለምዱ አክብረውታል፤ ለምዱ ግን የአንድን ነብር ሞት እንጂ የአገሩን ነብር ብዛት አይናገርም። ከጮቄ የጠፋውን ማንም አይመልሰውም፤ በብርና በዐባይ ገደል የቀረውን ግን ለማወቅ ገና ጊዜ አለ። አስተዋይ ሹም መርዙ ከመፍሰሱና ጥሻው ከመመንጠሩ በፊት በአገሩ ማን እንደሚኖር አይቶ ይፍረድ።