የዕቃው ቮልትና የቤቱ ቮልት

አጎቴ የአይከል ገበሬ ናቸው። አንድ ጊዜ ልጃቸውን ሊጠይቁ ጎንደር ሄዱ። ልጅቱ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በኤሌክትሪክ ውኃ የሚያፈላ ማንቆርቆሪያ አምጥቶላት ነበር። ስፒናው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሶኬቱ አልቀበል አለው። እሷም ከሱቅ ማስማሚያ ገዛች። ማስማሚያው ገጠመ። ውኃ ሞላችና ሰካችው።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭስ ወጣ፤ ከዚያ ቤቱ ጨለመ።

«ምነው ልጄ! አዲስ አይደለም ወይ?» አሉ አባትየው።

«አዲስ ነው አባየ። ገና ዛሬ መሰካቴ ነው።»

«ስፒናው ገጥሟል፤ መብራቱም አለ። ታዲያ ምን አቃጠለው?»

አጎቴ የፈሩት ለማንቆርቆሪያው አልነበረም። ማዕዘኑ ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተቀምጧል። ወንድሟ መተማ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ ባገኘው ገንዘብ የተገዛ ነው። እሱም እንዲሁ ቢቃጠልስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ቮልት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገበሬ የውኃን ጠባይ ያውቃል። ከጉብታ በቦይ የሚወርድ ውኃ ኃይል አለው። ሜዳ ላይ ያለ ውኃ ግን ተኝቶ ይቀራል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ኤሌክትሪክም በሽቦ ውስጥ የሚሄደው የሚገፋው ሲኖር ነው። ይህ ግፊት ቮልት ይባላል። ስሙ የተወሰደው አሌሳንድሮ ቮልታ ከተባለ የኢጣልያ ሊቅ ነው። ይህ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ባትሪ ሠርቶ ለዓለም አስታወቀ። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ደግሞ በአምፔር ይለካል። እንግዲህ ቮልት ግፊት፣ አምፔር ብዛት ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዕቃው የሚበላው ኃይል ይገኛል። እሱም ዋት ይባላል።

የአገራችን ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ባብዛኛው ከውኃ ነው። ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚወርድ ውኃ ይሠራል። ከማመንጫ የሚወጣው ኃይል ሩቅ አገር እንዲደርስ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይላካል። ከተማ አጠገብ ሲደርስ ይቀነሳል። በመጨረሻም በየሰፈሩ እንጨት ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ለቤት የሚስማማ አድርጎ ያወርደዋል። በኢትዮጵያ ለቤት የሚሰጠው 220 ቮልት ነው።

ሁሉም አገር ግን እንደኛ አይደለም። ሱዳን 230 ቮልት ነው፤ ይህ ከኛ ጋር ይስማማል። በመተማ በኩል የሚገባ ዕቃ ስፒናው ባይገጥም እንኳ ቮልቱ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። አሜሪካ ግን 120 ነው፤ ዕቃው ላይ 110 ተብሎ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ። ጃፓን 100 ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ብዙ ዘመን 127 ቮልት ይሠራበት ነበር፤ ኋላ ወደ 230 መዛወር ተጀመረ። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣ አሮጌ ዕቃ መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ማንቆርቆሪያው እንመለስ። የተሠራው ለ110 ቮልት ነው። ቤቱ ግን 220 ሰጠው። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ኤሌክትሪክም እጥፍ ይሆናል። እጥፍ በእጥፍ ሲባዛ አራት ነው። ስለዚህ 1000 ዋት እንዲበላ የተሠራው ዕቃ በአንድ ጊዜ 4000 ዋት ልብላ አለ። የአንድ ሰው እንጀራ ለለመደ ሆድ የአራት ሰው እንጀራ እንደማጉረስ ነው። ማስማሚያውስ? ማስማሚያ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ያስማማል እንጂ ቮልቱን አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ገጠመ» ማለት «ተስማማ» ማለት ይመስለዋል።

ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ግርጌው ወይም ጀርባው ይገለበጥ። እዚያ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለች። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም አማርኛ ያነበበ ሰው አይቸገርም። የቮልት ምልክት የኛን «ሀ» ትመስላለች፤ ግርጌዋ ግን ሹል ነው። የዋት ምልክት «ሠ»ን ትመስላለች። የአምፔር ምልክት ደግሞ መቀነት የታጠቀች «ለ» ናት። ከሹሏ «ሀ» በፊት ያለው ቁጥር 220፣ 230 ወይም 240 ከሆነ ዕቃው ለኛ ቤት ይሆናል። ቁጥሩ 100፣ 110፣ 120 ወይም 127 ብቻ ከሆነ አይሰካ። «100-240» የሚል ከሆነ ሁለቱንም ይችላል ማለት ነው። የሞባይል ቻርጀር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

የምጣዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቮልቱ 220 ስለሆነ በዚህ በኩል ነገር የለውም። ሸክሙ ግን ከባድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይበላል። ይህን ለ220 ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። የቤቱ ብሬከር ላይ 25 የሚል ቁጥር ተጽፏል እንበል። 25ን በ220 ስናባዛ 5500 ዋት ይመጣል። ምጣዱ 3500 ሲበላ የሚተርፈው 2000 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ባለ 2000 ዋት ምድጃ ከተለኮሰ ቤቱ ጠገበ። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ሲጨመሩ ከልኩ ያልፋል፤ ብሬከሩም ይወርዳል።

ብሬከር ሲወርድ አንዳንዱ ይናደድና በትልቅ ብሬከር ይተካዋል። ፊውዝ ያለበት ቤት ደግሞ ሽቦ ጠምዝዞ ይሰካበታል። ይህ ዘበኛን አባሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። ብሬከሩ የወረደው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይግል ነው። ትልቅ ብሬከር ተደረገ ማለት ሽቦው ወፈረ ማለት አይደለም። ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳት ይነሣል። በኮንዶሚኒየም የአንዱ ቤት ጣራ የሌላው ወለል ስለሆነ እሳቱ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። የመሬት ሽቦም ሊኖረው ይገባል። ምጣዱ ቢያፈስ ኤሌክትሪኩ በመሬት ሽቦው በኩል ይሄዳል። ሽቦው ከሌለ ግን በጋጋሪዋ እጅ በኩል ይሄዳል፤ ይገድላልም። በእርጥብ እጅ ወይም በባዶ እግር ምጣድ መንካት አይገባም።

«ማታ ማታ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ምጣዱ ተበላሽቷል» የሚሉ አሉ። ምጣዱ ደኅና ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ግፊቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ነው። ወደ 155 ከወረደ ሙቀቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላ ሰዓት መጋገር ይሻላል። ለማቀዝቀዣ ግን የቮልት ማነስ ክፉ ነው። ሞተሩ መነሣት ያቅተውና እያጉረመረመ ይግላል። ለእሱ ስታብላይዘር ይገዛለታል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሕንፃው የሚገባው መስመር ባብዛኛው ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው። በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ቢበጠስ አንዳንዱ ቤት ከ220 በታች ያገኛል፤ አንዳንዱ ወደ 380 የሚጠጋ ይደርሰዋል። ምልክቱ ይህ ነው፤ የአንዱ ቤት አምፑል ይደበዝዛል፣ የጎረቤቱ ከወትሮው አብልጦ ያበራል። ያን ጊዜ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት እንጂ ማየት ማዘግየት አይገባም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ የሰፈራቸው ወፍጮ ትዝ አላቸው። «የኛው ወፍጮ አንድ ቀን እምም ብሎ ቆሞ ተቃጠለ» አሉ። ያም ከዚሁ ነገር ዘመድ ነው። የወፍጮ ሞተር የሚዞረው በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ ባለወፍጮው ቶሎ ካላጠፋው ይነዳል።

የ110 ቮልት ዕቃ በግድ ይሥራ ከተባለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ። ግን ከዕቃው ዋት በላይ የሚችል መሆን አለበት። 1000 ዋት ለሚበላ ማንቆርቆሪያ የሚሆነው ትራንስፎርመር ከባድ ነው፤ ዋጋውም ከራሱ ከማንቆርቆሪያው ይበልጣል። ልጅቱ ይህን ሰምታ ተወችው። ለምጣዱ ኤሌክትሪሺያን ጠርታ የብቻው መስመር አስዘረጋች። የተቃጠለውን ማንቆርቆሪያ አጎቴ ወደ አይከል ይዘውት ሄዱ፤ ክዳኑ ደኅና ስለነበረ ሚስታቸው የበርበሬ ዘር አስቀመጡበት።