ከስትሮክ በኋላ፦ የክንድ እንቅስቃሴን በሴንሰር መለካት

ስትሮክ የመታው ሰው ክንዱን ሲያለማምድ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የድግግሞሹ ብዛት ነው። ነገር ግን 20 ጊዜ መሥራት ብቻውን ክንዱ እየተሻለው መሆኑን አያሳይም። እንቅስቃሴው እንዴት እንደተሠራም መታየት አለበት።

ለስላሳ እንቅስቃሴ ምን ማለት ነው?

ጤነኛ ሰው ስኒ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ መሐል ላይ ከፍተኛ ይሆናል፣ ስኒው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል። ከስትሮክ በኋላ ግን እንቅስቃሴው ብዙ ጊዜ ይቆራረጣል፤ እጁ ይሄዳል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይሄዳል። አንጎል ጡንቻዎችን አቀናጅቶ የማዘዝ ችሎታው ሲመለስ ቁርጥራጮቹ እየተጋጠሙ አንድ ወጥ እንቅስቃሴ ይሆናሉ።

ሴንሰሩ እንዴት ይሠራል?

እንደ ሰዓት የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ነው። በውስጡ የፍጥነት ለውጥን የሚለካ አክስለሮሜትር እና የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ጋይሮስኮፕ አሉት። ከተመዘገበው መረጃ ሁለት ነገሮች ሊሰሉ ይችላሉ፦

• እጁ አንድ ጊዜ ሲዘረጋ ፍጥነቱ ስንት ጊዜ ከፍና ዝቅ እንዳለ
• የፍጥነት ለውጡ ምን ያህል ድንገተኛ እንደነበረ (ይህ ጀርክ ይባላል)

ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከፍና ዝቅ ካለ እንቅስቃሴው ተቆራርጧል ማለት ነው።

ውጤቱን ሲመለከቱ ምን ማወቅ አለብዎት?

• የሚነጻጸረው አንድ ዓይነት ልምምድ ነው። ርቀቱ ወይም ፍጥነቱ ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል።
• አክስለሮሜትር የመሬት ስበትንም ይመዘግባል። ስለዚህ መሣሪያው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና አቅጣጫ፣ ሳይላላ ይታሰር።
• የእጅ አንጓ ሴንሰር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ታማሚው ክርኑን ከመዘርጋት ይልቅ ወገቡን አጉብጦ ወደ ስኒው ቢጠጋ ቁጥሩ የተሻሻለ ሊመስል ይችላል። ክንዱ ግን አልሠራም። በዚህ ምክንያት ደረት ላይ ሁለተኛ ሴንሰር ማድረግ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በዓይኑ እንዲከታተል ማድረግ ያስፈልጋል።

ሴንሰር ከሌለስ?

ቤተሰብ በየሳምንቱ ከጎን በኩል፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ለባለሙያው ሊያሳይ ይችላል።

መቼ እርዳታ ይፈልጉ?

ትከሻዎን ካመመዎት ልምምዱን ያቁሙና ለባለሙያው ይንገሩ። በድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አዲስ ድካም እጅ ወይም እግር ላይ ከመጣ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን የሴንሰሩን ውጤት አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።