አነስተኛ ፓርቲዎች ለአባሎቻቸው ተጠያቂ የሚሆኑበት የሕግ አግባብ

ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ወይም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ባሉ የላስታ ቀበሌዎች የሚኖርን የአንድ አነስተኛ ፓርቲ አባል ከዋናው ጽሕፈት ቤት ጋር የሚያገናኙት የመዋጮ ደረሰኝና አልፎ አልፎ የሚደርስ መግለጫ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ፣ መሪውንም ማን እንደመረጠው ሊያውቅ የሚችለው ፓርቲው ሕጉ የሚጠይቀውን ሲፈጽም ነው።

በዚህ ረገድ ዋናው ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። አዋጁ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10 ሺህ፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት ደግሞ 4 ሺህ መሥራች አባላትን ይጠይቃል። ከአገር አቀፍ ፓርቲ መሥራቾች መካከል የአንድ ክልል ነዋሪዎች ከ40 በመቶ መብለጥ የለባቸውም።

ቁጥሩ ለትንሽ ፓርቲ ከባድ ነው። ስም ለማሟላት ሲባል ሳያውቁ የተመዘገቡ ሰዎች እንዳይኖሩ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የመሥራቾችን ፊርማ በናሙና ያጣራል። ቦርዱ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መስፈርቱን አላሟሉም ያላቸውን 26 ፓርቲዎች ሰርዟል።

የገንዘብ ምንጭም ገደብ አለው። የአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን የሚገኝ ስጦታና የመንግሥት ድጋፍ የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ ከውጭ መንግሥታትና ከውጭ ዜጎች ወይም ምንጩ ካልታወቀ ወገን መቀበል ክልክል ነው። ፓርቲው ሒሳቡን በኦዲተር አስመርምሮ ለቦርዱ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ለቦርዱ የቀረበ ሪፖርት በራሱ ላስታ ላለው አባል አይደርሰውም፤ ሊደርሰው የሚገባው በጠቅላላ ጉባኤ ወኪሉ በኩል ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣውም በጉባኤው ላይ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ እና የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት በአመራር ክፍፍል ውስጥ ነበሩ። የግንቦቱ ምርጫ አራት ወራት ያህል ሲቀሩት ቦርዱ በሁለቱም ፓርቲዎች ለአንደኛው ወገን ዕውቅና ሰጠ። ውሳኔው ተቃውሞ አስነስቷል፤ ዕውቅና ያላገኙት ወገኖች ቦርዱን በወገንተኝነት ከሰዋል። ከክርክሩ መካከል ጉባኤው በደንቡ መሠረት ተጠርቷል ወይ፣ ምልአተ ጉባኤስ ተሟልቷል ወይ የሚሉት ይገኙበታል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአግባቡ የተያዘ ቃለ ጉባኤና ተሰብሳቢዎች የፈረሙበት ዝርዝር በአብዛኛው ሊመልሰው ይችላል። በዚህ መሐል ከሁሉ የተጎዳው ከማዕከል ርቆ፣ የሚመርጠው ፓርቲ በማን እንደሚመራ ሳያውቅ የቆየው አባል ነው።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎችም ድርሻቸውን ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል። ከተከፈለ ፓርቲ ውስጥ ሕጋዊው አመራር የትኛው እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳይሆን የቦርዱ፣ ቅሬታ ሲኖርም የፍርድ ቤት ነው። አዳራሽ ሲጠየቅ ለአንደኛው ፈቅዶ ለሌላው መከልከል፣ የመንግሥት ተሽከርካሪን ወይም ውሎ አበልን ለፓርቲ ሥራ ማዋል ገዢውንም ተቃዋሚውንም ፓርቲ ሳይለይ ሊወገድ የሚገባው ነው።

በላስታ የወኪሎች ጉዞ ራሱ ሌላ ፈተና ሆኗል። ላሊበላ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በዚያው ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሷል። መንገድ በተዘጋበት ወቅት ጉባኤ የሚጠራ ፓርቲ የቀሩትን ወኪሎች ስምና የቀሩበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤው ማስፈር ይገባዋል።