ይግባኝ እስከ የት ይደርሳል?

በልደታ ሰፈር ያደገ ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ «ቀጠሮ»፣ «ይግባኝ»፣ «ሰበር» የሚሉትን ቃሎች ይሰማል። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ደጃፍ ከሚሰማው ሁሉ ዘወትር የማይጠፋው «ይግባኝ እላለሁ» የሚለው ነው። ነገር ግን በወንጀል የተፈረደበት ሰው ስንት ጊዜ ይግባኝ ማለት ይችላል?

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ ቀላል ነበር፤ አቤት ባዩ አቅምና ስንቅ እስካለው፣ እስከ ንጉሡ ድረስ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ፣ የይግባኝ መብቱን የጨረሰ ተከሳሽ ለጃንሆይ ችሎት እንዳያመለክት አልከለከለም ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ግን ዙፋኑም ችሎቱም አብረው ቀሩ።

የቀሩት በሮች ቀን የተቆረጠባቸው ናቸው። በዚሁ ሕግ መሠረት ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ዝርዝር ማመልከቻውን ያቀርባል። የዘገየው በራሱ ጥፋት ካልሆነ ፍርድ ቤቱን ሊያስፈቅድ ይችላል። ጥፋቱን ያመነ ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በድንጋጤ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ማለት ብዙ ያስከፍላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰበር ችሎት አለ። እዚያ ግን «ምስክሩ ዋሽቶብኛል» ማለት አይረባም፤ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ብቻ ነውና።

ይግባኝ የተከሳሽ ብቻ መሣሪያ መስሎ የሚታየን ብዙዎች ነን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። የደርግ ባለሥልጣኖች ጉዳይ ይህን ያርማል። ሙግቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥር 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም (በሌሉበት) እና በሌሎችም ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የብዙዎቹን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ የመለሱት ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ገደብ ለምን አስፈለገ? ፍርድ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚከፈት ቢሆን የሟች እናት መቼ ልቧ ያርፋል? ምስክሩም ያረጃል፣ ይረሳል፣ ይሞታል። ደግሞም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በመጨረሻ ውሳኔ ነፃ የወጣ ሰው በዚያው ወንጀል ዳግመኛ አይከሰስም፤ መጨረሻ መኖሩ ተከሳሹንም ይጠቅማል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርዱ በሐሰት ምስክር፣ በተጭበረበረ ሰነድ ወይም በጉቦ የተሰጠ መሆኑ ኋላ ከተገኘ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በአንቀጽ 6 በር ይከፍታል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረውም። እንግዲህ በአጥር ድንበር የተረታ ሰው የተሰጠው በር፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሚታሰረው አልተሰጠም ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ምክንያቱን ፈልጌ አጥጋቢ ሆኖ አላገኘሁትም። «ይቅርታ ይጠይቅ» የሚሉ አሉ። ሆኖም ይቅርታ የሚጠየቀው ለሠሩት ጥፋት ነው፤ ያልገደለ ሰው ስለ የትኛው ጥፋቱ ይለምናል?