«እጅ መስጠት» እና «እጅ ማዋስ»፤ በእንግሊዝኛ ስለ እርዳታና ስለ ብልጫ የሚነገሩ ቃላት

እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት አማካይነት ብቻ የሚማር ተማሪ «ሄልፕ» እና «ኤይድ»፣ «ቡስት» እና «ሌግ አፕ»፣ «ሄድ ስታርት» እና «ኤጅ» የሚሉትን ሁሉ «እርዳታ» ወይም «ድጋፍ» ብሎ ተርጉሞ ያልፋቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን የሚናገረው ስለ ረጂውና ስለ ተረጂው ብቻ ነው። ሌላው ወገን ሦስተኛ ሰው ይጨምራል፤ እርሱም ተረጂው የሚቀድመው ተወዳዳሪ ነው። ተርጓሚው ይህን ሦስተኛ ሰው ካላየው፣ የዐረፍተ ነገሩ ቃል ተተርጉሞ ፍሬ ነገሩ ይቀራል።

ከመጀመሪያው ወገን ዋነኛው «ሄልፕ» ነው። ይህ ቃል የጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ «ኤይድ» ግን ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ የገባ ነው። «አሲስት» የሚለውም መሠረቱ ላቲን ነው፤ የጥንት ፍቺው «አጠገብ ቆመ» ማለት ነው። ውሃ የሚወስደው ሰው «ሄልፕ!» ብሎ ይጮሃል እንጂ «አሲስታንስ!» አይልም፤ መንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠው ግን «ኤይድ» ነው። «ሄልፕ» ቀላል መስሎ ያሳስታል። «አይ ካንት ሄልፕ ላፊንግ» ሲባል «ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ» ማለት ነው፤ በማዕድ ላይ «ሄልፕ ዩርሴልፍ» ሲባልም እንግዳው የወደደውን አንሥቶ እንዲበላ መጋበዝ እንጂ «ራስህን እርዳ» ማለት አይደለም።

ለኛ ከሁሉ የሚያስቸግረው «እጅ» ነው። «ጊቭ ሂም ኤ ሃንድ» የሚለውን ቃል በቃል ብንወስደው «እጅህን ስጠው» ይሆናል። በአማርኛ ግን በጦር ሜዳ እጁን የሚሰጥ የተሸነፈ ሰው ነው፤ እንግሊዙ ለእርዳታ የዘረጋው እጅ በኛ ዘንድ ምርኮ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ «ጊቭ ሂም ኤ ቢግ ሃንድ» በአዳራሽ ሲነገር «አጨብጭቡለት» ማለት ነው። «ሌንድ ኤ ሃንድ» ግን ለአማርኛ ይቀርባል። እንግሊዝኛው «ሌንድ» በሚለው አንድ ቃል የሚገልጠውን እኛ ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ገንዘብና እህል እናበድራለን፣ መጥረቢያና አህያ እናውሳለን። እጅም ሥራው ሲያልቅ ያው ራሱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ስለ ሆነ የሚዋስ እንጂ የሚበደር አይደለም። «አፐር ሃንድ» የሚለው ሐረግ ግን እጅን ይጥራ እንጂ እርዳታ የለበትም፤ በተቃዋሚ ላይ የበላይነት ማግኘት ነው።

«ሌግ አፕ» የመጣው ከፈረስ ነው። ወደ ኮርቻው የሚወጣው ሰው ጉልበቱን ያጥፋል፤ ረዳቱ ባቱን ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል። ለዚህ የሚቀርበው የኛ አነጋገር «እርካብ ያዘለት» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። «ቡስት» ደግሞ በአሜሪካ የተለመደ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ስሜቱ ከታች ገፍቶ ማውጣት ነው። ሁለቱም ስለ ተወዳዳሪ በግልጥ አይናገሩም፤ ነገር ግን አንድ ወጣት በአባቱ ወዳጅ በኩል ሥራ ሲገባ «ሌግ አፕ አገኘ» ከተባለ፣ ሳይጠሩ የቀሩት ሌሎቹ አመልካቾች በቃሉ ውስጥ አሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የ«ሃንዲካፕ» ታሪክ ነው። ብዙ ሰዎች ቃሉ ቆብ ይዞ ከመለመን የመጣ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። ቃሉ የአንድ ጨዋታ ስም ነበር። ሁለት ሰዎች ዕቃ ለመለዋወጥ ሲፈልጉ ሦስተኛው ሰው ዳኛ ሆኖ የዋጋውን ልዩነት ይቈርጣል፤ መያዣ ገንዘብ በቆብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተለዋዋጮቹም እጃቸውን ከቆቡ ከትተው ሲያወጡ፣ እጁ ገንዘብ በመያዙ ወይም ባዶ በመሆኑ መስማማታቸው ይታወቃል። ሳሙኤል ፒፕስ በ1660 ዓ.ም. ይህን ጨዋታ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ተሻገረ፤ በዚያም ዳኛው በብርቱው ፈረስ ላይ ተጨማሪ ክብደት ይጭናል። እንግዲህ «ሃንዲካፕ» የተጣለበት ደካማው ሳይሆን ብርቱው ነበር፤ ሸክሙም ውድድሩን ለማስተካከል ነው። በጎልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሃንዲካፕ ለደካማው ተጫዋች የሚታሰብለት የምት ብዛት ነው። በአንዱ ሜዳ ሸክም፣ በሌላው ሜዳ ስጦታ ሆነ! በኋላም ቃሉ የአካል ጉዳትን ለመግለጥ ዋለ፤ ዛሬ ግን በዚህ ፍቺው ቅር የሚያሰኝ በመሆኑ አብዛኛው ጸሐፊ «ዲሰቢሊቲ»ን ይመርጣል።

«አድቫንቴጅ» የተገኘው በፈረንሳይኛ «ፊት» ወይም «በፊት» ከሚለው ቃል ነው፤ በመካከሉ ያለው የ«ድ» ድምፅ በኋላ በስሕተት የገባ ነው። ስለዚህ ሌላውን ከኋላ ሳያስቀሩ አድቫንቴጅ ማግኘት አይቻልም። «ቴክ አድቫንቴጅ» ሲባልም ጥንቃቄ ያሻል፤ በጊዜው ወይም በአጋጣሚው ከሆነ «ተጠቀመበት» ነው፣ በሰው ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዋህነቱን ወይም ድካሙን ተገን አድርጎ «መጠቀሚያ አደረገው» ማለት ነው። «ኤጅ» ጥቂት ብልጫ ነው፤ «ሄድ ስታርት» ደግሞ ሌሎቹ ሳይነሡ ቀድሞ መነሣት ነው።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሳሌ እንየው። ስለ አንድ ተማሪ «የትምህርት ዕርዳታው ሄልፒንግ ሃንድ ሆነው» ተብሎ ቢጻፍ «ደገፈው» ብንል ይበቃል። «ሄድ ስታርት ሰጠው» ከተባለ ግን «ከእኩዮቹ አስቀደመው» ማለት ይገባናል። ፊተኛው ጸሐፊ ሰጪውን ያመሰግናል፤ ኋለኛው ደግሞ ሊያመሰግንም ሊነቅፍም ይችላል። ሁለቱንም «ረዳው» ብሎ የተረጐመ ሰው ግን ነቀፋ ቢኖር እንኳ ሳያውቀው አጥፍቶታል። «ፑል ስትሪንግስ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ ስሕተቱ ይበረታል፤ ይህ አሻንጉሊትን ከላይ በክር እንደሚያንቀሳቅሱ ሁሉ በስውር ባለሥልጣን አስይዞ ነገርን ማስፈጸም ነውና፣ አማርኛው «ረዳው» ሳይሆን «በዘመድ አስገባው» ነው።