ኪራይ ሳይከፍል የቀረ ሰው ምን ይደረግ?

በኅብረታችን መጽሔት ስለ ነፃነት፣ ስለ ልማትና ስለ ሥልጣኔ ብዙ ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ኪራዩን በቀኑ ሳይከፍል የቀረ ጭሰኛ፣ የእኩል አራሽ ወይም የቤት ተከራይ ምን ይደረግ የሚል ነው። ጥያቄዋ ትንሽ የምትመስለው ለማያውቃት ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ የሚማረው ወላጆቹ ካከራዩት ክፍል በሚገኝ ገንዘብ ነው፤ ሌላው ደግሞ ራሱ በሰው ግቢ ተከራይቶ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያጣ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ይነካናል።

ለምሳሌ የመረጥነው አገር ሐይቅና አምባሰል ነው። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልድያ መንገድ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ደግሞ ውጫሌ ነው። በቀድሞው ዘመን አምባሰል ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር። የዚህ አገር ሕዝብ ኪራይን በእህልም በገንዘብም ከፍሎ ያውቃል፤ ከባለርስትም፣ ከቀበሌም፣ ከጎረቤትም ተከራይቷል፤ ድርቅንም ጦርነትንም አይቷል። የኪራይ ዕዳ የሚባለውን ነገር በየመልኩ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። (ሌላ ካላልን በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

መቼም ምርትን መካፈል በሐይቅ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ሲነግሡ የመንግሥቱን ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ የሚለውን ትውፊት አንዳንዶቹ ከሐይቅ እስጢፋኖሱ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጋር ያያይዙታል። ትውፊቱን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወውና፣ ሲሶ፣ እርቦና እኩል የሚሉት ቃላት ለወሎ ገበሬ የየዕለት ቋንቋ እንደ ነበሩ ግን እርግጥ ነው። እርቦ አራሽ ከምርቱ አራተኛውን፣ ሲሶ አራሽ ሦስተኛውን፣ የእኩል አራሽ ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «ኪራዩ የምርቱ ድርሻ ከሆነ ዕዳ ከየት ይመጣል? ምርቱ ሲያንስ ኪራዩም አብሮ ያንሳል» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱንም በቁጥር እናሳይ። አሥራት ከመሻሩ ከ1960 በፊት አንድ ጭሰኛ በእኩል አርሶ አሥር ኩንታል አገኘ እንበል። ዘሩን አንድ ኩንታል ከባለመሬቱ ተበድሯል። አሥራቱ አንድ ኩንታል ከክምሩ ላይ ይነሣል፤ በብዙ ስፍራ ግን ሙሉውን ጭሰኛው ይሸከመው ነበር። ከቀረው ዘጠኝ ኩንታል ባለመሬቱ አራት ተኩል ይወስዳል፤ ጭሰኛው ከራሱ አራት ተኩል ላይ የዘሩን አንድ ኩንታል ይመልሳል። ለቤተ ሰቡ ሦስት ኩንታል ተኩል ይቀረዋል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናሙ አጠረና ምርቱ ሦስት ኩንታል ብቻ ሆነ። አሥራቱ ሠላሳ ኪሎ ሲነሣ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ይቀራል። ባለመሬቱ አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ኪሎ ይወስዳል። ጭሰኛውም አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ኪሎ ይደርሰዋል፤ የዘሩ ዕዳ ግን እንደ ምርቱ አላነሰምና መቶ ኪሎ ሲመልስ ሠላሳ አምስት ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። ምርቱ ወደ ሲሶ ገደማ ሲወርድ የጭሰኛው ምግብ ወደ አሥረኛው ወረደ ማለት ነው! እንግዲህ ይህ ሰው ዘሩን ካልመለሰ ባለዕዳ ነው፤ ከመለሰ ደግሞ ልጆቹ ይራባሉ። የኪራይ ዕዳ የሚወለደው ከዚህ ነው። የጭሰኛው ስንፍና ወይም ተንኮል ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ የለም አንልም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳው የሚመጣው ክፉ ዓመት ሲመጣ ከማይቀንሰው ክፍያ ነው።

ባለመሬቱስ በዚህ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? ደግ የሆነው ለከርሞ ያሻግርለታል። ሌላው ዋስ ጥራ ይላል፤ ወይም በሬውን በመያዣ ይወስዳል። ጭሰኛው ጥቂት የራሱ ርስት ካለውም መሬቱን ወለድ አገድ ያስይዛል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል፤ ዋናው ዕዳ ግን ሳይነካ ይቆያል። የመጨረሻው መንገድ ማስነሣት ነው። ለማስነሣት ብዙ ድካም አልነበረበትም፤ ውሉ በቃል ነበርና ጭሰኛው ይዞ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም።

ሕግ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ ከሦስት አራተኛ በላይ እንዳይወስድ ከልክሏል። ከሦስት አራተኛ በላይ አትውሰድ ማለት ሦስት አራተኛ ድረስ ውሰድ ማለት መሆኑን አንባቢ ልብ ይለዋል። በ1957 የካቲት ወር በአዲስ አበባ የነበሩት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት በዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ላይ ነው። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። ነገር ግን በፓርላማው የተቀመጡት አብዛኛዎቹ ባለመሬቶች ነበሩና ረቂቁ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰበት።

ከዚያ በፊት ግን የ1965 እና የ1966 ረኃብ ደረሰ። አምባሰል፣ የጁ፣ ራያና ቆቦ፣ ላስታና ዋግ ክፉኛ ተጎዱ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ረኃብ መርምረው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ አገር ይጫን ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል? ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ምርቱ ጠፍቷል፤ ከብቱን ለመሸጥ ቢያወጣ ሁሉም ሻጭ ስለሆነ ዋጋው ወድቋል። እንግዲህ በዚህ ሰዓት የቆየ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ለመክፈል የሚቀረው በሬው ብቻ ነው። በሬው ከተሸጠ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርሰው የለም። ባለመሬቱም መሬቱ ጾሙን ያድራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ተሻረ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይከፍለው ከነበረው ኪራይና ዕዳ ሁሉ ነፃ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ኪራይ ቀበሌው መሰብሰብ ጀመረ። የብዙ ዘመን የዕዳ መዝገብ በአንድ ቀን ተዘጋ ማለት ይቻላል። የጭሰኛ ልጅ የሆነ ሰው ይህን ቀን ቢያመሰግን አይፈረድበትም።

ነገር ግን እውነቱን እስከ መጨረሻው እንመልከተው። በ1977 ድርቅ ሲመጣ በአምባሰል ባለርስት አልነበረም፤ ረኃቡ ግን ነበረ። ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል ገበሬዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ገበሬው አስቀድሞ ምግቡን እየቀነሰ፣ ቀጥሎ ከብቱንና ዕቃውን እየሸጠ፣ በመጨረሻም ቀዬውን ለቆ እየተሰደደ እንዴት ሕይወቱን ለማዳን እንደ ታገለ አስረድተዋል። ከዚህ የምንማረው ዕዳን መሰረዝ ትልቅ ነገር ቢሆንም ለክፉ ዓመት የተቀመጠ ጎተራ ከሌለ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። መሬት አይሸጥም፤ በሕግ ግን ሊከራይ ይችላል። በእኩል ወይም በመጋዞ መሬቱን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በሬ የሌላት መበለት፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ወይም ልጆቹ የተሰደዱበት ሰው ነው። ተቀብሎ የሚያርሰው ደግሞ በሬና ጉልበት ያለው ጎረቤት ነው፤ አለዚያም ከመሬት ድልድሉ በኋላ የተወለደና የራሱ መሬት የሌለው ጎልማሳ ነው። አራሹ ድርሻውን ሳያስረክብ ሲቀር የምትራበው ባለመሬቷ ናት። ስለዚህ «ባለመሬት ሁሉ ጨቋኝ፣ ተከራይ ሁሉ ተጨቋኝ» የሚለው የቀድሞ ስሌት ለዛሬው ሐይቅና አምባሰል አይበቃም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ሲደርስ ጊዜው ሰብል የሚደርስበት ነበር። ሸሽቶ የሄደው አራሽ አላጨደም፤ ባለመሬቷም አልተቀበለችም። እንዲህ ባለው ጊዜ ማን ማንን ይክሰስ?

የውጭውን ዓለም ብንመለከት ከአየርላንድ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ሰብል ጠፍቶ ጭሰኞች ኪራይ መክፈል አቃታቸው። በ1880 ካፒቴን ቦይኮት የተባለ የመሬት ወኪል ጭሰኞችን ሊያስነሣ ቢሞክር ጎረቤቱ ሁሉ አገለለው፤ ቦይኮት የሚለው ቃል ከዚህ ሰው ስም የመጣ ነው። በመጨረሻ በ1882 ስለ ውዝፍ ኪራይ ሕግ ወጣ። አነስተኛው ጭሰኛ የአንድ ዓመቱን ኪራይ እንዲከፍል፣ ከተረፈው ውዝፍ በተወሰነ ልክ ግማሹን መንግሥት እንዲከፍልለት፣ ሌላው እንዲሰረዝ ተወሰነ። ኪሳራውን ጭሰኛው፣ ባለመሬቱና መንግሥት ሦስቱም ተካፈሉት ማለት ነው። ድርቅ የማንም ጥፋት ካልሆነ ሸክሙም የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይገባም የሚለው አሳብ ለእኛም አገር የሚስማማ ይመስለናል።

ስለ ቤት ኪራይም ጥቂት እንበል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተከራዩ ሳይከፍል ሲቀር አከራዩ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካነሰ 15 ቀን ነው። ወዲያው ላስወጣ የሚል ቃል በውሉ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ በየከተማችን ያለውን ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ ያቃተውን ካልፈለገው እንለይ። ሰብሉ የጠፋበት ወይም ሥራው የታጠፈበት ሰውና እያለው የሚደብቅ ሰው አንድ ዓይነት ፍርድ አይገባቸውም። ሁለተኛ፣ ውሉ ሲጀመር ምርት ቢጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ቃል አብሮ ይጻፍ፤ በተለይ የዘር ብድር በክፉ ዓመት ለከርሞ እንዲሻገር። ሦስተኛ፣ ለዕዳ ተብሎ በሬና ዘር አይነካ፤ ነገ የሚከፈለው ከእነርሱ ነውና። አራተኛ፣ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ሽማግሌ ይግባበት። ወሎ በአባጋር ሽምግልና የታወቀ አገር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብረው ተቀምጠው ዕርቅ ያወርዳሉ። አባጋር ዕዳን በየመኸሩ ከፋፍሎ ማስከፈል ይችላል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞችም ሳይቀያየሙ ይኖራሉ። አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አልከፍልም ለሚለው ፍርድ ቤት አለ፤ መበለቲቱ በይሉኝታ መብቷን ልታጣ አይገባም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብሎ በሚያምን ሕዝብ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይሉናል። እኛም ቃሉን እናከብራለን። ነገር ግን የቃል ውል የሚጸናው ምስክሩ በሕይወት እስካለና ሁለቱም ወገኖች እኩል እስከ ተፈሩ ድረስ ነው። ደካማውን ወገን ወረቀት ይረዳዋል፤ የሚጎድለው ጸሐፊ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ስለ መሬት ሥሪት የተማርነውን ለመተረክ ብቻ አንሂድ። ለጎረቤቶቻችን የእኩልና የቤት ኪራይ ውል በሚገባቸው አማርኛ እንጻፍላቸው፤ የዘሩን ዕዳና የክፉውን ዓመት ነገር እናስገባበት፤ የመሬቱንም ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወስደን እናስመዝግብላቸው። አንድ ወረቀትና አንድ ግማሽ ቀን ይበቃል።