የኅዳር ጥድፊያና ዕረፍት

ከዓመቱ ወሮች ሁሉ ሰው ዕረፍት የሚያጣበት ወር የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ገበሬውም የከተማ ሰውም ሳያመነታ ኅዳር ነው ብሎ የሚመልስ ይመስለኛል። መፀው የሚባለው ክፍለ ዓመት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይቈያል፤ አበባው የሚታየው በመጀመሪያው ነው፤ ድካሙ ግን ተጠራቅሞ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ጧት ጧት ብርዱ ይቈነጥጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሰማዩ ያለ ደመና ተጠርጎ ሲታይ ጊዜው የመዝናኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀና ብሎ ያን ሰማይ ለማየት ፋታ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እኔ በማስተምርበት በምንጃር አካባቢ ዋናው አዝመራ ጤፍ ነው። ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳር ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ትዕግሥት የለውም። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከልክ በላይ የዘገዩበት እንደሆነ ይረግፋል፤ ያለ ወቅቱ ዝናም ሲመጣበትም መሬት ላይ ተኝቶ ይበላሻል። የዓመት ቀለብ፣ የልጅ ደብተርና ጫማ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሁሉ በዚያች ደቃቅ ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ ነውና ገበሬው ቢሮጥ አይፈረድበትም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በዚህ ሁሉ ሩጫ ውስጥ የሚገኘው ማረፊያ ነው። ነዶው ታስሮ፣ ክምሩ ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ከተሰናዳ በኋላ፣ ውቂያው ጤዛው ሳይነሣ አይጀመርም። በሬዎቹ ሲደክሙ ይፈታሉ፤ በሬ ሲያርፍ ሰውም ያርፋል። በመንሽና በላይዳ እህሉን ከገለባው ለመለየት ደግሞ ነፋስ ያስፈልጋል፤ ነፋስ ከሌለ ምንም ዓይነት ጕልበት ሥራውን አያስኬደውም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ተቀምጬ ስመለከት ነፋሱ አንድ ሰዓት ያህል ጠፋ። ሰዎቹ ላይዳቸውን አስቀምጠው በክምሩ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ፤ ንፍሮ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ስለ አንድ የጠፋ ወይፈን ረዥም ወሬ ተጀመረ። ጊዜያችን ባከነ ያለ ሰው አልሰማሁም። ገለባው ንቅንቅ ሲል አንድ ሽማግሌ ወሬውን ከመካከሉ ቈርጠው ተነሡ፤ የወይፈኑም መጨረሻ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አሁን በብዙ ቦታ የመውቂያ መኪና ገብቷል። እህል ከብክነት ያድናልና መግባቱ መልካም ነው፤ መኪናው ግን ነፋስ አይጠብቅም፤ ተራ የሚጠብቀው ባለ እህልም ሌሊቱን ጭምር ቆሞ ያድራል።

የከተማ ሥራም እንደዚሁ መኪና ነው። መምህሩ አራት ክፍል ያስተምር እንደሆነ፣ በያንዳንዱ 60 ተማሪ ቢኖር፣ አንድ ፈተና ሲሰጥ 240 ወረቀት ይቈልልበታል። የቤት እመቤቲቱ አዲሱ እህል ገበያ መድረሱን ሰምታ ጤፍ ስታስገዛ፣ ስታበጥር፣ ወፍጮ ቤት ስታስፈጭ ትውላለች። ሁሉም የሚጽናናው «ገና ይድረስ እንጂ አርፋለሁ» በማለት ነው። ገና ሲደርስ የበዓሉ መሰናዶ አለ፤ ከዚያ ጥምቀት ይመጣል፤ ከጥምቀት በኋላ የጥር ሠርግ ነው። ዕረፍቱ እንዲህ ከወር ወደ ወር ሲተላለፍ ሰውዬው ታሞ ሐኪም በግድ ያስተኛዋል።

እዚህ ላይ የተማሩ ወዳጆቼ የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። «እኛ ያጣነው ሥራን እንጂ ዕረፍትን አይደለም፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያሉ በዓል ማብዛት ነው ያደኸየን» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ጤፉ እየረገፈ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው በኋላ የሚራበው ራሱ ነው። ሆኖም ነገሩን ከሥሩ ቢመረምሩት ዕረፍት በዚህች አገር ቀላል ጕዳይ ሆኖ እንዳልኖረ ይገነዘቡ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር በማለታቸው አገራቸውን ትተው እስከ አርመን ምድር ተሰደዋል። ደቀ መዛሙርታቸው ከብዙ ዘመን መገለል በኋላ ነገራቸው የሠመረላቸው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጕባኤ ላይ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በተወሰነ ጊዜ ነው። እርግጥ የተከራከሩት ስለ ሃይማኖት እንጂ ስለ ድካም አልነበረም። ፍሬው ግን ለበሬውም ለአራሹም ደርሷል፤ የዕረፍቱ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነውና፣ ማንም ሰው ዛሬ ላርፍ ወይስ ልሥራ እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። እኛ የከተማ ሰዎች ቅዳሜን ለጕዳይ ማስፈጸሚያ፣ እሑድን ለለቅሶና ለማኅበር፣ ሌሊቱን ለስልክ ካደልን በኋላ በምትኩ ያቆምነው ነገር የለም።

ምትክ የሚሆነው ነገር ትልቅ መሆን የለበትም። ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ መሞቅን የሥራ ፈት ልማድ ነው ስንል ኖረናል። እኛ ጥቂት መምህራን ግን በዚህ ወር ከደወሉ በፊት ፀሐይ መውጫን በሚያየው ግድግዳ አጠገብ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንቆማለን። በዚያን ሰዓት ስለ ፈተናና ስለ ደመወዝ ማውራት ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣው የሒሳብ መምህሩ ሲሆን አዘውትሮ የሚጥሰውም እርሱ ነው።

ቡናም አለ። በከፋና በጅማ ቀዩ የቡና ፍሬ የሚለቀመው በዚሁ ወራት ነው። ቡና አፈላላችን ከመነሻው ለመቸኰል አይመችም፤ ይታጠባል፣ ይቈላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ፣ ፈልቶም እስኪሰክን ይጠበቃል። አቦሉን ቆሞ ጠጥቶ ቶናና በረካውን ሳይጠብቅ የሚሮጥ ሰው፣ ቡናውን እንጂ ጨዋታውን አላገኘም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ በዚህ ሁሉ የዕረፍት ሥርዓት ውስጥ ሳታርፍ የምትታየው ጀበናውን የያዘችው ሴት ናት። በሳምንት አንድ ቀን ወንዱ ቢቈላና ቢያፈላ ቡናው ትንሽ ያር ይሆናል እንጂ ሌላ ጕዳት አይመጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱም ቤተ ሰቡም በኅዳር ከአንዱ ልጅ ላይ ሙሉ ቀን ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። ቀን የተማረውም በአእምሮው የሚጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ጐበዝ ልጅ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ዴስኩ ላይ ጥሎ ይተኛ ጀመር። ብጠይቀው ሌሊት ሌሊት ሜዳ ላይ ክምር እንደሚጠብቅ ነገረኝ።

አባቱን አስጠራሁ። መጥተው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«መምህር፣ እህሉ ሜዳ ላይ ነው» አሉኝ። «እህል ሜዳ ላይ እያለ የሚተኛ ማን አለ?»

«እርስዎስ መቼ ይተኛሉ፣ አባቴ?»

«ሚካኤል ዕለት ነዋ!» ብለው ሣቁ።

«እንግዲያስ ለልጁም ሚካኤል እናብጅለት» አልኳቸው።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ተጀመረ እንጂ ብዙ አከራከረን። እርሳቸው ሌባውንና ከብቱን እየቈጠሩ፣ እኔ የፈተናውን ቀን እየቈጠርሁ፣ በመጨረሻው ተስማማን። ሰኞና ረቡዕ ማታ አጎቱ ያድራል፤ ልጁ እቤት ይተኛል። የቀሩትን ሌሊቶች አባትና ልጅ በተራ ይጠብቃሉ። እኔም በበኩሌ ፈተናውን ከሰኞ ወደ ሐሙስ አዛወርሁት።

ሐሙስ ዕለት ልጁ ፈተናውን ነቅቶ ሠራ፤ ወረቀቱን ሲያስረክብም አንዱ ጥያቄ ግልጽ አይደለም ብሎ ሞገተኝ። ዓርብ ዕለት ግን እንደገና ተኛ፤ የሐሙስ ሌሊቱ ተራ የእርሱ ነበርና።